ዐይኑ «ዐ» ድምፁን የት ጣለው?

በየኔታ ፊት ፊደል የቆጠረ ሁሉ ሀሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐ፥ ብዙኃኑ ኀ፥ አልፋው አ፥ ዐይኑ ዐ እያለ ለይቶ ያውቃቸዋል። ሲናገር ግን ሦስቱ «ሀ» አንድ፥ ሁለቱ «አ» አንድ ናቸው። ስለዚህ ድርሰት በጻፍን ቁጥር «ይህ በየትኛው ሀ ነው?» እየተባባልን እንከራከራለን። ከመካከላችን «ሞክሼዎቹ ፊደላት ይቀነሱ» የሚሉ አሉ፤ «አይነኩ» የሚሉም አሉ። ከመፍረዳችን በፊት ነገሩን ከሥሩ እንመርምር።

፩. አፈጣጠራቸው

አልፋው «አ» አየሩ ማንቁርት ላይ ለቅጽበት ሲዘጋ የሚፈጠር ተነባቢ ነው። ዐይኑ «ዐ» ከዚያ ከፍ ብሎ፥ የምላስ ሥር ወደ ጉሮሮ ግድግዳ ሲጠጋና መተላለፊያው ሲጠብ ይወጣል። በዚያው ስፍራ የድምፅ አውታር ሳይንቀጠቀጥ አየሩ ሲፋተግ ሐመሩ «ሐ» ይሆናል። የትግርኛ ተናጋሪ ጓደኛችሁን «ዓይኒ» እና «ሓሙሽተ» በሉልን ብትሉት ሁለቱንም ትሰማላችሁ።

፪. በሌላው ዓለም

ዐረብኛ ሁለቱንም ጠብቋል። ሶማልኛ በ1972 እ.ኤ.አ. የላቲንን ፊደል ሲይዝ ለ«ሐ» ኤክስን፥ ለ«ዐ» ሲን መደበ። በካውካሰስ ተራሮችና በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍም እንዲህ ያሉ ድምፆች ይገኛሉ። አብዛኛው የዓለም ቋንቋ ግን የለውም። ግሪኮች የፊንቄን ፊደል ሲቀበሉ፥ ክብ ሆኖ የተሣለው «ዐይን» በቋንቋቸው ድምፅ ስላልነበረው «ኦ» አደረጉት። የጥንቱ አካድኛ ከሱመርኛ ጋር ሲጎራበት እነዚህን ድምፆች አጥቷል። የዛሬዎቹ ዕብራውያንም አብዛኞቹ አሌፍንና ዐይንን ለይተው ይጽፋሉ እንጂ ለይተው አይናገሩም። እንግዲህ አማርኛ ብቻውን አይደለም።

፫. በአማርኛ ለምን ጠፋ?

ብዙ ሊቃውንት ምክንያቱን ከአገው ቋንቋዎች ጋር ያያይዙታል፤ ሴማዊውን ቋንቋ የተማሩት አገዎች ድምፆቹ በአፋቸው ስላልነበሩ ተዋቸው ይላሉ። ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ፥ በዳንግላና በእንጅባራ የሚነገረው አውንጊ ከእንጥል የሚወጣ ድምፅ አለው፤ «ሐ» እና «ዐ» ግን የሉትም። ሆኖም በኤርትራ የሚነገረው ብሊን፥ እሱም አገውኛ ሲሆን፥ ሁለቱም አሉት። ጎረቤቶቹ ትግረና ትግርኛ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ስለዚህ ዝምድና ብቻ ሳይሆን ጉርብትናም ይመዘናል።

፬. የቀረው ዱካ

ድምፁ ሲሄድ ዱካውን ትቷል። «ሰበረ» በግእዝ «ረ» ሲያልቅ «ሰማ» እና «በላ» ለምን በራብዕ ያልቃሉ? ግእዙ ሰምዐ፥ በልዐ ስለ ነበረ ነው። ሠሐቀ ሳቀ፥ ሰሐበ ሳበ ሆነ። የጉሮሮ ፊደል አፍን ስለሚያስከፍት «ሀ» እና «ሃ»፥ «አ» እና «ኣ» አንድ ሆነው የቀሩትም በዚሁ ጠባይ ነው።

በግእዝ ደግሞ ልዩነቱ ትርጉም ይለውጣል። መሀረ ማለት አስተማረ፥ መሐረ ማለት ይቅር አለ ነው፤ መምህር ከፊተኛው፥ ምሕረት ከኋለኛው ይወጣሉ። ሰአለ ለመነ፥ ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው። በጎጃም የቅኔ ቤቶች ድምፁ ከአንደበት ቢጠፋም ልዩነቱ በጽሕፈት የሚጠበቀው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ለዕለት አማርኛ አንድ «ሀ» ይበቃል የሚለው ወገን ስለ ድምፅ ከሆነ እውነት አለው። ስለ ሥረ ቃል ከሆነ ግን የሚሰርዘው ፊደል ብቻ ሳይሆን መንገድ ጠቋሚ ነው። የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ልጅ በ«ሐ» ፈንታ «ሀ» ስለ ጻፈ ነጥብ አይቀነስበት፤ እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ግን ሥሩን ሳናውቅ ፊደሉን ለመቀነስ አንቸኩል።