ለከበደች ላም ቀን ስትቆርጥ

ልጄ፣ ላሞችህን እንደምትወዳቸው አውቃለሁ። ድርቆሹን በሰዓቱ ታቀርባለህ፣ ጋጣውን ትጠርጋለህ፣ አንዷ ብትታመም ሌሊት ትነሣለህ። ቀን መቁጠር ላይ ግን ትሰንፋለህ። የሆልስታይን ክልሷንም የቦረናዋንም «ዘጠኝ ወሯ ነው» ብለህ እኩል ትጠብቃቸዋለህ። ያለ ጠባቂ ተወልዶ የሚሞት ጥጃ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በዚህች ቸልታ ነው። እስቲ ተቀመጥና ስማኝ።

1. የተዳቀለችበትን ቀን በዚያው ቀን ጻፍ። «ከጥምቀት ወዲህ መሰለኝ» የሚባል ቀን የለም። አዳቃዩ ከግቢህ ሳይወጣ ቀኑን፣ የላሟን መለያና የኮርማውን ቁጥር በደብተርህ አስፍር፤ ቁጥሩ ዘሩ በተቀመጠበት ቀጭን ቱቦ ላይ ታትሟል። የጎረቤት ኮርማም ካጠቃት ያንኑ ጻፍ፣ አትፈር። ቀኑ ሳይያዝ የመውለጃዋን ጊዜ መገመት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

2. መነሻህ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ይሁን። ይህ 280 ቀን ነው፤ ወራችን ሁሉ 30 ስለሆነ ሒሳቡ አያደክምም። መስከረም 10 የተዳቀለች ሰኔ 20 ትጠበቃለች። ጳጉሜን ከተሻገርህ ግን 5 ቀን ቀንስ፣ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ 6። ጥር 10 የተዳቀለች ጥቅምት 20 ሳይሆን ጥቅምት 15 ናት። ይህችን አምስት ቀን ስንቱ ሲረሳት አይቻለሁ፤ ገና ነው ብሎ ገበያ ሲወጣ ላሚቱ ብቻዋን ትወልድበታለች።

3. የዝርያዋን ልክ እወቅ። ሆልስታይንና ጀርሲ ወደ 279 ቀን ይሸከማሉ። ይህን ሰምተህ ግን «የወተት ላም ትፈጥናለች፣ የሥጋ ላም ትዘገያለች» ብለህ አትደምድም። አንገስ የሥጋ ከብት ሆኖ 281 ቀን ገደማ ነው፣ ከሆልስታይን ብዙም አይርቅም። ብራውን ስዊስ ደግሞ የወተት ላም ሆና ወደ 290 ቀን ትቆያለች። ሄርፎርድ 285፣ ሲሜንታል 287፣ ሊሙዚንና ሻሮሌ 289 አካባቢ ናቸው። ሻኛ ያላቸው ከሁሉ ይረዝማሉ፤ አሜሪካ ውስጥ የተገኘው ብራህማን 292 ገደማ ይደርሳል። የእኛ ቦረናም ከባለ ሻኛዎቹ ወገን ናትና ከ280ው አልፋ ጥቂት ቀን ብትቆይ አትደንግጥባት።

እነዚህ ሁሉ አማካይ ናቸው፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ወጣት የሚሳሳተው። ዝርያቸው አንድ፣ ጋጣቸው አንድ፣ መኗቸው አንድ ሆኖ ሳለ አንዷ ሳምንት ትቀድማለች፣ ሌላዋ ሳምንት ትዘገያለች፤ ሁለቱም ደህና ጥጃ ይወልዳሉ። አብዛኞቹ ከአማካያቸው 10 ቀን ወዲህና 10 ቀን ወዲያ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ በደብተርህ አንድ ቀን አትጻፍ፤ ጥበቃ የምትጀምርበትን፣ መካከለኛውንና ሐኪም የምትጠራበትን፣ ሦስት ቀን ጻፍ።

4. ላሚቱን ብቻ አይተህ አትፍረድ፣ የጥጃውን አባት ጠይቅ። የመውለጃውን ቀን የሚቆርጠው ጥጃው ነው። በማህፀን ሆኖ ሲበስል ከኩላሊቱ አጠገብ ካለች ትንሽ ዕጢ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይወጣል፤ ምጡን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። የጥጃው ግማሽ ደም ደግሞ የአባቱ ነው። ሆልስታይን ላምህን በሊሙዚን ዘር ብታስዳቅላት በገዛ ዝርያዋ ካረገዘችው ጥቂት ቀን ትዘገያለች። «ይህች ላም ልማዷ መዘግየት ነው» ሲሉ ብትሰማ ቶሎ አትመን፤ የባለፈው ጥጃዋ አባት ማን እንደነበር ጠይቅ።

ይህ ነገር ከቀን ቆጠራ አልፎ ሕይወት ይነካል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጥጃው በቀን ወደ ግማሽ ኪሎ ይጨምራል። እርግዝና የሚያረዝም፣ ትልቅ ጥጃ የሚሰጥ ኮርማ ለጎለመሰች ላም ይሆን ይሆናል፤ ለጊደር ግን ጭካኔ ነው። ዘሩ ቃሊቲ ካለው የማዳቀያ ማዕከል የመጣም ይሁን ከውጭ አገር፣ ለጊደርህ አነስ ያለ ጥጃ የሚያስወልድ ኮርማ እንዲመርጥላት አዳቃዩን አጥብቀህ ለምነው። ጀርሲ ለዚህ የተመሰገነ ነው። ጥጃ በተወለደ ቁጥርም ስንት ቀን እንደቆየ ከኮርማው ቁጥር ጎን ጻፍ፤ የየትኛው ኮርማ ጥጃ እንደሚዘገይ እያደር ትለያለህ።

5. ትናንሾቹን ልዩነቶች እወቃቸው እንጂ አትጨነቅባቸው። ወንድ ጥጃ ከሴቷ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። ጊደር ከጎለመሰች ላም አንድ ሁለት ቀን ትቀድማለች። መንታ የያዘች ግን ሳምንት ያህል ልትቀድም ትችላለች፣ ሆዷ ከልክ በላይ ከሰፋ ቀድመህ ተዘጋጅ።

6. ልዩነቱ ሦስት ሳምንት ከሆነ ላሚቱን ሳይሆን ቀኑን ጠርጥር። ላም የምትደራው በ21 ቀን ገደማ አንድ ጊዜ ነው። «300 ቀን አለፋት» ከምትባለው ውስጥ ብዙዋ በተጻፈው ቀን ሳትይዝ ቀርታ፣ ከ21 ቀን በኋላ ደርታ፣ ማንም ሳያያት የሰፈር ኮርማ ያጠቃት ናት። ተገላቢጦሹም አለ፦ አንዳንድ ላም ከያዘች በኋላም የመድራት ምልክት ታሳያለች፤ ባለቤቷ ደግሞ ያስዳቅላትና አዲሱን ቀን ይጽፋል። ጥጃው ሲወለድ «ከቀኑ በፊት መጣ» ይላሉ፤ ጸጉሩ ሙሉ፣ ጥርሱ የወጣ፣ ወዲያው የሚቆም ጥጃ ግን ከቀኑ በፊት የመጣ አይደለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከተዳቀለች በሁለት ሦስት ወር ባለሙያ በእጁ ይመርምርልህ፣ የጽንሱን ዕድሜ ከደብተርህ ጋር አስተያየው። እርጉዝ ላም ላይ ዳግም የማዳቀያ መሣሪያ ማስገባት ጽንሱን ሊያስወርድ እንደሚችልም አትርሳ።

7. ሰባት ወር ከአሥር ቀን ሲሞላት ማለቧን አቁም። ከመውለዷ በፊት 60 ቀን ገደማ ግቷ ማረፍ አለበት፤ አለዚያ የሚቀጥለው ወተቷ ይቀንሳል። ዕለታዊው ገንዘብ እንደሚያሳሳ አውቃለሁ። ነገር ግን «እስከ ስምንት ወር ልለባት» ብለህ ሳምንት ብትቀድምብህ የቀራት ዕረፍት አንድ ወር ብቻ ነው።

8. ዘጠኝ ወር ከሞላት በኋላ ደብተሩን ትተህ ላሟን ተመልከት። ግቷ ይሞላል፣ ጡቶቿ ይወጠራሉ፣ ከጅራቷ ሥር ግራና ቀኝ ያለው ጅማት ይላላል። ያን ጊዜ ከሌሎቹ ለያት፣ ንጹሕ ጭድ አንጥፍላት፣ ሌሊትም ፋኖስ ይዘህ እያት። የሽርት ውሃው ከወጣ በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ምጡ ካልገፋ ሐኪም ጥራ፤ ጎረቤት ሰብስበህ በገመድ አትጎትት። ጥጃው እንገሩን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጥባ፣ ስድስት ሰዓት እንዳያልፍበት። የእንግዴ ልጁ በ12 ሰዓት ውስጥ ይወጣል፤ ካልወጣ እጅህን አስገብተህ አትሳበው፣ ለሐኪም ንገር።

9. ከልክ ያለፈውን ሁሉ «ትንሽ እንጠብቅ» አትበል። ቀኑን እርግጠኛ ሆነህ ከዝርያዋ አማካይ ሁለት ሳምንት ካለፋት ሐኪም ይያት፤ ማስወለጃ መርፌ ግን በራስህ ገዝተህ አትውጋ። ይበልጥ የሚፈራው ግን ቀድሞ የሚመጣው ነው። ከአምስት ወር በኋላ የምታስወርድ ላም ብሩሴሎሲስ ይኖርባት ይሆናል፤ ይህ በሽታ ወደ ሰው ይተላለፋል። የወረደውን ጽንስና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅህ አትንካ። ላሟን ከመንጋው ለይ፣ ደሟን አስመርምር፣ የወረደውን ውሻ እንዳይጎትተው በጥልቅ ጉድጓድ ቅበረው። ውጤቱ እስኪመጣ የሷን ወተት አትሽጥ፤ የሌሎቹንም ቢሆን ሳታፈላ ለልጆችህ አትስጥ።