መንገድ ሲጠረግ የዱር አራዊት ወዴት ይሂዱ?



ምጥ የያዛትን እናት በቃሬዛ ተሸክሞ ገደል የወረደ ሰው መንገድ አያስፈልግም ሊል አይችልም፤ እኛም አንልም። ጥያቄያችን መንገዱ በየት በኩልና በምን ዓይነት ጥንቃቄ ይለፍ የሚል ነው።

የባሌን ተራሮች እንመልከት። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር በሚበልጠው በሳነቴ አምባ ያልፋል። ከአገራችን በቀር በየትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ በብዛት የሚኖረው በእነዚህ ተራሮች ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሱት በአገሪቱ ሁሉ ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ስለሆነ፣ ለመንገደኛ ባዶ ሜዳ የሚመስለው ሣር ለእርሱ ጎተራው ነው። ገረጋንቲ ለማውጣት ያን ሜዳ መቆፈር ጎተራውን ማፍረስ ይሆናል። ቡችሎቹም አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ወራት በጉድጓድ ስለሚወለዱ፣ በዚያ ወቅት በአቅራቢያው ድንጋይ በፈንጂ ማፍረስ አይገባም።

መኪና የገጨው አውሬ በመንገድ ዳር ይታያል፤ የማይታየው ጉዳት ግን ይብሳል። መንገድን ተከትሎ ሰፈር፣ ሰፈርን ተከትሎ ውሻ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ የባሌን ቀበሮዎች ፈጅቷል። ስለዚህ የሠራተኞች ካምፕ ከአራዊቱ መኖሪያ መራቅ፣ ውሻም አለማስጠጋት አለበት። ለማገዶ አስታ መቁረጥም እንዲሁ መከልከል አለበት፤ በዚያ ብርድ ለሠራተኛው ሌላ ማገዶ ካልቀረበለት ግን ክልከላው ከወረቀት አያልፍም።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክት ቁጥር 35፣ አውራ ጎዳናዎች የአራዊትን መኖሪያ እየቆራረጡ እንደልብ መዘዋወር እንደሚያሳጧቸው አመልክተው፣ መተላለፊያ መተው ጉዳቱን ቢያንስ እንደሚያቀል ጽፈዋል። ይህም በሥራ የታየ ነው። በካናዳ በባንፍ ብሔራዊ ፓርክ ጎዳናው ታጥሮ ከላይ ድልድይ፣ ከሥር መሿለኪያ ስለተሠራ፣ በትልልቅ አራዊት ላይ የሚደርሰው ግጭት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። ድቦቹ እስኪለምዱት ዓመታት ፈጅቷል።

በእኛም አገር በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ከሥራው በፊት እንዲደረግ፣ የነዋሪው አስተያየትም እንዲካተት ደንግጓል። እንግዲህ በሰፈራችሁ ስብሰባ ሲጠራ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። የድንጋይ ካባው የት እንደሚከፈት፣ ምንጩ የሚያልፍበት ቱቦ ይበቃ እንደሆነ፣ ተነሥቶ የተከመረው ለም አፈር ወደ ቦታው መቼ እንደሚመለስ፣ ጉድጓዱንም ማን እንደሚደፍን ጠይቁ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይስፈር።