ለነገ የተቀጠረ ፍቅር፦ በ«ጤዛ» ፊልም የፍቅር ታሪክ ያለው ትረካዊ ሚና

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው። ፊልሙ በአብዛኛው የሚነበበው እንደ ፖለቲካ ፊልም ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት የፍቅር ታሪኮች የዋናው ጉዳይ አጃቢ ተደርገው ይታለፋሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ ግን የፍቅሩ መስመር ከሴራው ቢወጣ የፊልሙ ፖለቲካዊ ክርክር መቋጫ እንደሚያጣ ለማሳየት ይሞክራል።

በተለመደው የፍቅር ድራማ መሰናክሉ ከጥንዶቹ ውጭ ይቆማል። የወላጅ እምቢታ፣ የሀብት ልዩነት ወይም ተቀናቃኝ ሊሆን ይችላል፤ መሰናክሉ ሲወገድ ታሪኩ ይፈታል። በ«ጤዛ» የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥንዶች ዘንድ ግን መሰናክሉ የሚገኘው በራሳቸው በአፍቃሪዎቹ እምነት ውስጥ ነው። ሕክምና ለማጥናት ወደ ጀርመን የሄደው አንበርብርና ጓደኛው ተስፋዬ የግል ሕይወታቸውን ከአገራቸው ለውጥ በኋላ ለሚመጣ ጊዜ ቀጥረውታል። ተስፋዬ ጀርመናዊት ባለቤቱን ጋቢንና ልጁን ትቶ ወደ ኢትዮጵያ ይመለሳል፤ በደርግ ዘመንም በግፍ ይገደላል። የአንበርብርና የካሳንድራ ፍቅርም ፍጻሜ ሳያገኝ ይቀራል። ካሳንድራ በጀርመን የምትኖር የአፍሪካዊ አባት ልጅ ናት። ስሟ በግሪክ አፈ ታሪክ እውነቱን ተናግራ ሰሚ ያጣችውን ነቢይት ያስታውሳል። አብዮቱ ፍቅርን በግልጽ አይከለክልም፤ ሆኖም «ቆይ» ይለዋል። የተባለው ጊዜም ሳይመጣ ይቀራል።

ሦስተኛው ታሪክ በተቃራኒው ይጀምራል። አንበርብር እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታውም ተቆራርጦ ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ አዛኑን በእናቱ ቤት ያገኛታል። እርሷም ከሕፃን ልጇ ሞት ጋር በተያያዘ በመንደሩ የተገለለች ሴት ናት። ሁለቱም ለሌላው ቃል የሚገቡበት ነገ የላቸውም፤ ጦርነቱ ወጣቶችን ለውትድርና እያሳደደ ባለበት መንደር ስለ መጪው ዘመን ማቀድ አይቻልም። ስለዚህ ፍቅራቸው ቀጠሮ ሳይሰጠው በዕለት ተዕለት እንክብካቤ ውስጥ ያድጋል።

ይህ ልዩነት በአቀራረቡም ይታያል። የጀርመኑ ሕይወት በክርክር የተሞላ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ብዙ ይናገራሉ። በመንደሩ ትዕይንቶች ዝምታና ተግባር የቃልን ቦታ ይወስዳሉ። ትረካው በምልሰት እየተቆራረጠ ስለሚሄድ ተመልካቹ ያለፉትን ፍቅሮች የሚያያቸው ከነኪሳራቸው ነው። አንበርብር ለምን እንደሚያመነታም የሚረዳው ከዚህ ነው። ወንድዬው በአዛኑ ፊት ዝም የሚለው ስሜት አጥሮት አይደለም፤ ቀድሞ የተናገራቸው ታላላቅ ቃላት ምን እንዳስከፈሉ ስለሚያውቅ ነው።

በዚህ ንባብ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል፦ አዛኑ የቆሰለውን ምሁር ለመፈወስ ብቻ የተፈጠረች ገጸ ባሕርይ አይደለችምን? ተቃውሞው በከፊል ትክክል ነው። ፊልሙ የእርሱን ትዝታ ረጅም ጊዜ ሰጥቶ ሲከተል የእርሷን ውስጣዊ ዓለም ግን ከውጭ ያሳየናል። ቢሆንም አዛኑ የራሷ በደልና የራሷ ኀዘን አላት፤ መገለሏም ከአንበርብር መምጣት በፊት የጀመረ ነው። ከእርሱ ጋር የሚያገናኛት አገልጋይነቷ ሳይሆን ሁለቱም ከማኅበረሰቡ ጠርዝ ላይ መቆማቸው ነው። የሴቷ ድምፅ ማነስ ግን የፊልሙ እውነተኛ ውስንነት ሆኖ ይቀራል፤ ይህንንም መሸፈን አይገባም።

በፍጻሜው አዛኑ ትወልዳለች፤ አንበርብርም በመንደሩ መምህር ይሆናል። ሁለቱ ክስተቶች ተያይዘው የመጡት በአጋጣሚ አይደለም። አገርን በአንድ ጊዜ ለመለወጥ የተነሣው ሰው አንድ ልጅ ማሳደግንና ጥቂት ልጆችን ማስተማርን የዛሬ ሥራው አድርጎ ይቀበላል። ፊልሙ ስለ አንድ ትውልድ የሚሰጠው ፍርድ የተቀመጠውም እዚህ ላይ ነው፦ የትውልዱ ስሕተት አገርን መውደዱ ሳይሆን ሌላውን ፍቅር ሁሉ ለነገ ማስተላለፉ ነበር። ጤዛ ማለዳ ታይቶ ፀሐይ ስትበረታ የሚጠፋ ነውና፣ ርዕሱ ራሱ መዘግየት የሚያስከፍለውን ዋጋ ያመለክታል።

ስለሆነም ፖለቲካዊ ይዘት ያላቸውን የአማርኛ ፊልሞች የሚያጠኑ ተመራማሪዎች የፍቅሩን መስመር ለብቻው ነጥለው መሰናክሉ የት እንደተቀመጠና ጊዜው እንዴት እንደተደለደለ ቢመረምሩ ጠቃሚ ይሆናል። በንግግር ያልተገለጸው የፊልሙ አቋም ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚያ ነው።