የድድ እብጠት፦ ስሙ ሳይታወቅ አይታከምም

በድድ ላይ የሚወጣ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ነቀርሳ አይደለም። ብዙውን ጊዜ በጥርስ ላይ ከተጋገረ ቆሻሻ ወይም በእርግዝና ወቅት ከሚመጣ የሆርሞን ለውጥ የሚነሣ ትርፍ ሥጋ ነው። ሕክምናውም ከሥሩ ቆርጦ ማውጣትና ጥርሱን ማጽዳት ነው፤ ሥሩ ከቀረ ተመልሶ ሊበቅል ይችላል።

ጥቂቶቹ ግን ሌላ ናቸው። የድድ ነቀርሳ፣ የካፖሲ ሳርኮማ፣ ሊምፎማ፣ እንዲሁም ከሳንባ ወይም ከጡት የተዛመተ ነቀርሳ በመልክ ከቀላሉ እብጠት ላይለዩ ይችላሉ። ስለሆነም ባዮፕሲ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ከእብጠቱ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ መመርመር ነው። ራጅ ደግሞ አጥንቱ ተበልቶ እንደሆነ ያሳያል።

መለየቱ ምን ይጠቅማል? ዴኒስ በርኪት እ.ኤ.አ. በ1958 በኡጋንዳ ሕፃናት መንጋጋ ላይ ያየውን ዕጢ ገልጾ ነበር። ይህ ሊምፎማ ጥርስን ያነቃንቃል፤ ሕክምናው ግን ጥርስ መንቀል ሳይሆን ኬሞቴራፒ ነው። የድድ ነቀርሳ በአንጻሩ በቅድሚያ ቀዶ ሕክምና ይሻል።

በቤይሩትና በዳርቻዋ፣ በቡርጅ ሐሙድና በዶራ፣ በቤት ሠራተኛነት የሚኖሩ እኅቶቻችን ብዙዎቹ ዕረፍት ቢያገኙ እሑድን ብቻ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውም ሐኪም ቤት መሄድን ይፈራሉ። ስለዚህ ዓረብኛ ወይም እንግሊዝኛ የምናውቅ ተማሪዎች አብረናቸው እንሂድ። ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ ወይም የከንፈር መደንዘዝ ካለ፣ ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት «ናሙናው ይመርመር» ብለን እንጠይቅ። ውጤቱንም በጽሑፍ እንቀበል፤ ሕክምናው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቢቀጥል መነሻ ይሆናልና።