ቃሪያ በጨው ውሃ እንዴት ይቆያል?

ቃሪያ ሲደርስ የሁሉም ጓሮ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ሁሉም ወደ ገበያ ሲያወጣው ዋጋው ይወድቃል፤ ያልተሸጠውም በጆንያ ውስጥ ይበሰብሳል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን ያው የዘራው ሰው ለጾም ወጡ ቃሪያ ከነጋዴ በውድ ይገዛል። ታዲያ ይህ ድካምን መጣል አይደል? ቀዩን በርበሬ አድርቆ ማቆየት ሁላችንም እናውቃለን። አረንጓዴውን ቃሪያ ግን በጨው ውሃ አኮምጥጦ ለወራት ማቆየት ይቻላል። የዛሬው ትምህርታችን ይኸው ነው።

ለምን አይበሰብስም?

ነገሩ ለእናቶች እንግዳ አይደለም። የጤፍ ወይም የማሽላ ሊጥ ከእርሾ ጋር ሲያድር ኩፍ ይላል፣ ይኮመጥጣል። ይህን የሚሠሩት በዐይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። በቃሪያው ልጣጭ ላይም የዚሁ ወገን ተሕዋስያን አሉ። የቃሪያውን ስኳር እየበሉ ላክቲክ አሲድ የሚባል ኮምጣጣ ነገር ያወጣሉ። ጨው የሚያበሰብሱትን ተሕዋስያን ያዳክማል፤ የሚያኮመጥጡት ግን ጨዉን ይችሉታል። ውሃው ሲኮመጥጥ የሚያበሰብሱት መኖር ያቅታቸዋል።

ስለዚህ ቃሪያውን የሚጠብቁት ሦስት ዘበኞች ናቸው፤ ጨው፣ ኮምጣጣነትና አየር አለመግባት። አንዱ ከጎደለ ሥራው ይበላሻል።

ጨው በልክ

ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ ከአፋር በረሃ የሚመጣው የአሞሌ ጨው ገበያ ነበረች። አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በብዙ የኢትዮጵያ ገበያዎች እንደ ገንዘብ አገልግሏል። ጨዉ የአገራችን ነው፤ የሚያስፈልገን ልኩን ማወቅ ነው። በእፍኝ መገመት አይበጅም። ልኩ እንዲህ ነው፦

ለ4 ሊትር ውሃ ሩብ ኪሎ (250 ግራም) ጨው፤
ለ2 ሊትር ውሃ ግማሽ ሩብ (125 ግራም) ጨው።

አሞሌ ከሆነ መጀመሪያ ተወቅጦ በሚዛን ይለካ።

አሠራሩ

1. ውሃውን አፍሉ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ በቆላ እንደሚፈላው አይግልም። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ጨዉን ጨምራችሁ አሟሙና አቀዝቅዙት።

2. ለ2 ሊትር ውሃ ከ2 ኪሎ ያልበለጠ ጤነኛ ቃሪያ ምረጡ። የተበላውንና የለሰለሰውን ለዩት። አጥባችሁ ጨዉ እንዲገባው እያንዳንዱን በቢላ ጫፍ ሰንጠቅ አድርጉት።

3. በደንብ በታጠበና በፈላ ውሃ በተለቀለቀ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ወይም በደንብ በተሟሸ ማሰሮ ውስጥ ጨምሩት። የብረትና የአሉሚኒየም ዕቃ አይሆንም፤ ጨውና አሲድ ይበሉታል።

4. ጨው ውሃውን አፍስሱበት። ቃሪያው እንዳይንሳፈፍ ተቀቅሎ የጸዳ ጥቁር የወንዝ ድንጋይ ጫኑበት። የኖራ ድንጋይ አትጠቀሙ፤ ኮምጣጣነቱን ያጠፋዋል። ውሃው ከጎደለ በዚያው ልክ የተሠራ ጨው ውሃ ይጨመር እንጂ ባዶ ውሃ አይጨመር።

5. ክዳኑን ሳታጠብቁ በጥላ አስቀምጡት። በጥቂት ቀናት ውስጥ አረፋ ይወጣል፤ አየሩ መውጫ ካጣ ጠርሙሱን ሊሰብር ይችላል። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሲሆነው ቃሪያው ደብዘዝ ይላል፣ ሽታውም እንደ ደረሰ ሊጥ ይኮመጥጣል። ያን ጊዜ ደርሷል። ከዚያ ወዲያ ክዳኑ ይጠበቅ፣ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፤ በንጹሕ ማንኪያ ብቻ ይውጣ።

የተበላሸውን መለየት

ከላይ የሚታይ ስስ ነጭ ሽፋን ተገፎ ይጣላል፤ ችግር የለውም። ነገር ግን ፀጉር ያለው አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ከታየ፣ ቃሪያው ካሟለጨ ወይም ከከረፋ፣ ሁሉንም ጣሉት። «እስቲ ልቅመሰው» አይባልም። ለዶሮም አይሰጥም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን አይታይም፣ አይሸትምም። ቦቱሊነም የሚባለው ተሕዋስ አየር በሌለበት አድጎ መርዝ ያወጣል፤ በበቂ ኮምጣጣ ነገር ውስጥ ግን አያድግም። ስለዚህ ያልኮመጠጠ ቃሪያ አይበላ። ትኩስ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት በዘይት ነክሮ፣ አፉን አሽጎ ማቆየትም አደገኛ ነው፤ ዘይት አየር ይከለክላል እንጂ አያኮመጥጥም። እንዲህ ያለ ምግብ የበላ ሰው ዐይኑ ብዥ ካለበት፣ መዋጥ ወይም መናገር ካቃተው፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። መዘግየት ነፍስ ያስከፍላል።

አበላሉ

ከእንጀራ፣ ከሽሮና ከንፍሮ ጋር ይስማማል። ጨው ስለበዛበት ቀድሞ በውሃ ይለቅለቅ፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው አያብዛው። ተፈጭቶ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ሲዋሐድ ጥሩ ዳጣ ይወጣዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከጎረቤት ጋር ተባብራችሁ በአንድ ጠርሙስ ጀምሩ። የተሠራበትን ቀንና የጨዉን ልክ በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉበት። ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት፤ ቋንቋው አገውኛ ከሆነም በአገውኛ አስረዱት።

መልመጃ

ሀ. ለ8 ሊትር ውሃ ስንት ኪሎ ጨው ያስፈልጋል?
ለ. ቃሪያውን የሚጠብቁት ሦስቱ ዘበኞች እነማን ናቸው?
ሐ. ክዳኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የማይጠብቀው ለምንድን ነው?
መ. በዘይት የተነከረ ትኩስ ቃሪያ ከዘበኞቹ የትኞቹ ይጎድሉታል?