«ነጻ» የሚለው የምርመራ ውጤት ትርጉም

በጎበሳ ሁለት ሰዎች በኮቪድ-19 ፈጣን ምርመራ ከቫይረሱ ነጻ ተባሉ እንበል። አንደኛው ከታማሚ ጋር በአንድ ቤት ይኖራል፤ ሁለተኛው ንክኪ የለውም። ውጤታቸው አንድ ቢሆንም ትርጉሙ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1763 የታተመው የቶማስ ቤይዝ ስሌት፣ ማንኛውም ውጤት ከምርመራው በፊት ከነበረው ግምት ጋር ተዛምዶ እንዲመዘን ያደርጋል። ምርመራው ከ100 ታማሚዎች 80ውን ብቻ የሚለይ፣ ጤነኛውን ግን የማይስት ነው ቢባል፣ ንክኪ ካላቸው 100 ሰዎች 50ው ቢያዙ፣ ነጻ ከሚባሉት 60 ሰዎች 10ሩ ቫይረሱን እንደያዙ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ንክኪ ከሌላቸው 1,000 ሰዎች 10 ቢያዙ ግን፣ ነጻ ከሚባሉት 992 የሚያመልጡት 2 ብቻ ናቸው። በደጋው ክረምት ጉንፋን ስለሚበዛ ሳል ብቻውን ይህን ግምት እምብዛም አይለውጠውም፤ ንክኪ ግን ይለውጠዋል። ስለሆነም አንደኛው ሰው ነጻ ቢባልም ከአረጋውያን ቤተሰቦቹ ተለይቶ ይቆያል፤ ምልክት ከታየበትም ምርመራው ይደገምለታል።