ነጥቡ የሚፈሰው የት ነው? ከሥራ መልስ ሳይንስ ለሚያጠኑ

ሉማሜ ላይ ቀን ሱቅ ጠብቆ፣ ባጃጅ ነድቶ ወይም ምግብ ቤት አስተናግዶ ማታ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጅ ሰው ስታገኙ መጽሐፉን ተቀብላችሁ ገልጡት። የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ገጾች በስክሪብቶ ተሰምረው፣ ጠርዛቸው ታጥፎ ጠቁረዋል። ከመካከሉ ወዲያ ያለው ግን ገና ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስላል። ሥራ ሲበዛ ጥናቱ ይቋረጣል፤ ሲመለሱበት ደግሞ እንደገና ከምዕራፍ አንድ ይጀመራል። ልፋቱ እውነት ነው፤ ነጥቡ ግን ካለበት አይነቃነቅም።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ሆኗል። በአገር አቀፍ ደረጃ ይህን ያሟሉት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በእኛ አካባቢ በዚህ ላይ በጸጥታው ችግር ትምህርት ቤት ሲዘጋና ሲከፈት ከርሟል። ስለዚህ ‹‹ማትሪክ የወደቀ ሰነፍ ነው›› የሚለውን የሰፈር ፍርድ ለባለቤቱ መልሱለት።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ከመቶ ከመቶ ተደምረው 600 ይሆናሉ። ባለፈው 240 ያመጣ ሰው ግማሹን ለመድረስ የጎደለው 60 ነው፤ ከሦስቱ ሳይንሶች ሃያ ሃያ ነጥብ ማለት ነው። አንዱ ፈተና 50 ጥያቄ አለው ብንል አሥር ጥያቄ ነው። ለአሥር ጥያቄ ሲባል የአራት ዓመት መጽሐፍ እንደገና አይሸመደድም። መጀመሪያ የትኞቹ አሥር እንደሆኑ ይፈለጋል።

መፈለጊያው አንድ ደብተር ነው። የቆየ ፈተና አምጡ፤ ሰዓት ይዛችሁ፣ ስልክ አጥፍታችሁ ሥሩት። ሲታረም የሳታችሁትን ጥያቄ ቁጥር ጻፉና አጠገቡ ምክንያቱን በአንድ ቃል አስቀምጡ፦ ‹‹አላውቀውም››፣ ‹‹እንግሊዝኛው››፣ ‹‹ስሌት››፣ ‹‹ችኮላ››። ራስን ማታለል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መልሱን ካየን በኋላ ሁላችንም ‹‹ይሄንንማ አውቀው ነበር›› ማለት እንወዳለን። የምታውቁት ከሆነ ለምን ሳታችሁት? ምክንያቱ እስኪገኝ ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

አብሬው ያጠናሁ አንድ አስተናጋጅ ፊዚክስ አይገባኝም ብሎ ሊተወው ነበር። ደብተሩን ስናየው ከሳታቸው ከግማሽ በላዮቹ አጠገብ የተጻፈው ‹‹ስሌት›› ነው። ፊዚክሱ ገብቶታል፤ ያስቸገረው ዩኒት መቀየርና ክፍልፋይ፣ ማለትም የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ነበር። ሁለት ሳምንት ፊዚክሱን ዘግቶ ክፍልፋይ ሠራ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ያፍርበታል፤ ማፈር አያስፈልግም።

አንድ ጥያቄ እንይ። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የነበረ ባጃጅ ፍሬን ተይዞ 20 ሜትር ከተጓዘ በኋላ ቆመ፤ ፍጥነቱ የቀነሰው በምን ያህል ፍጥንጠት ነው? ዩኒቱን ያስታወሰ ሰው 36ን ለ3.6 አካፍሎ 10 ሜትር በሰከንድ ያደርገዋል። ከዚያ 10 በ10 ተባዝቶ፣ ለርቀቱ እጥፍ ለ40 ሲካፈል 2.5 ይመጣል። ዩኒቱን የረሳው ደግሞ 36 በ36 አባዝቶ ለ40 ያካፍልና 32.4 ያገኛል። ጎበዝ ጥያቄ አውጪ ካለ 32.4 ከምርጫዎቹ መካከል ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል! የተሳሳተ ምርጫ የሚዘጋጀው ተማሪ ከሚሠራው ስህተት ነውና ያገኛችሁት ቁጥር ምርጫው ውስጥ መኖሩ ምስክር አይሆናችሁም። መልሱን ከማጥቆራችሁ በፊት ይሆናል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። 32.4 የመሬት ስበት ፍጥንጠት ከሆነው 9.8 ከሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ ባጃጅ እንዲህ ቢቆም ኖሮ ተሳፋሪው በመስተዋቱ በኩል ይወጣ ነበር።

‹‹እንግሊዝኛው›› የሚለው ምክንያት ከበዛባችሁ መዝገበ ቃላት አትሸምድዱ። ፈተናው የሚደጋግማቸው ቃላት ጥቂት ናቸው። ‹‹ኖት››ና ‹‹ኤክሰፕት›› ያሉበትን ጥያቄ ስታዩ ቃሉን አክብቡት፤ ባዮሎጂ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው ትክክለኛ የሆነውን መርጦ ነው፤ የተጠየቀው ግን ትክክል ያልሆነው ነበር።

‹‹አላውቀውም›› ለሚለው መድኃኒቱ ማንበብ ነው፤ ግን የምታነቡትን እጃችሁ ከለመደው ነገር ጋር አገናኙት። ዳግም አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ዲስቲሌሽንን አይቷል፤ አልኮል 78 ዲግሪ አካባቢ፣ ውሃ 100 ላይ ስለሚፈላ ቀድሞ የሚንጠባጠበው ይበረታል። ሁለቱም ቁጥር የባሕር ወለል ነው፤ እንደኛ ባለ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ለምን እንደሆነ ከአየር ግፊት ጋር አያይዛችሁ መመለስ ከቻላችሁ አንድ ርዕስ ጨርሳችኋል። ለአሲዳማ አፈር የሚበተነው ኖራም የኬሚስትሪ ትምህርት ነው። ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት አንድ ሞሉ 100 ግራም ስለሚመዝን አንድ ኩንታሉ ልክ 1,000 ሞል ነው። ጤፍና ስንዴ አንድ ማሳ ዳር ቢበቅሉም ጤፍ ሲ4፣ ስንዴ ሲ3 ተክል ናቸው፤ ሙቀት ሲበረታ ፎቶሲንተሲሳቸው ለምን እንደሚለያይ መጽሐፉ ውስጥ ፈልጉት።

ሰዓቱን በተመለከተ ብዙ አልልም። ደክሞ ከመጣ ሰው ሦስት ሰዓት አይጠበቅም። ከሥራ በፊት ንጋት ላይ አርባ ደቂቃ ለስሌት፣ ማታ ሠላሳ ደቂቃ ለንባብ፣ እሑድ ከሰዓት አንድ ሙሉ ፈተና። መብራት ሲጠፋ የምትይዙት አንድ የወረቀት ፈተና ይኑራችሁ፤ ሁሉን በስልክ ያደረገ ሰው ባትሪው ሲያልቅ ጥናቱም ያልቃል።

አንድ ነገር አሁኑኑ አድርጉ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ፈተናው በአብዛኛው የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲዎች ስለሆነ ከቤትና ከሥራ ለቀናት መራቅ ይመጣል፤ ለእኛ ቅርቡ ደብረ ማርቆስ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። ለለቅሶና ለሠርግ ሳትጨርሱት ለፈተናው ሳምንት አስቀምጡት፤ አሠሪያችሁንም ወሩ ሳይደርስ በጽሑፍ ጠይቁ።